ትምህርት 14፦ የፊት ነርቭና «መጋኛ»

ሀ. ምንባብ
የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

የራስ ቅል ነርቮች የሚባሉት ቁጥራቸው 12 ጥንድ ነው። እያንዳንዱ ጥንድ የየራሱ ተግባር አለው። 1ኛው የሽታን፣ 2ኛው የማየትን፣ 8ኛው የመስማትንና የሚዛንን መልእክት ወደ አንጎል ያደርሳሉ። 5ኛው ፊታችን ሲነካ እንዲሰማን ያደርጋል፤ የማኘኪያ ጡንቻዎችንም ያዛል። 12ኛው ምላስን ያንቀሳቅሳል።

የፊት ነርቭ የሚባለው 7ኛው ነው። ስንስቅ፣ ዓይናችንን ስንጨፍን፣ ግንባራችንን ስንቋጥር የፊታችንን ጡንቻዎች የሚያዘው እርሱ ነው። ይህ ነርቭ በጆሮ አካባቢ ባለው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል። ስለዚህ ባበጠ ጊዜ በቦዩ ውስጥ ይጨመቅና ሥራው ይታወካል። ያን ጊዜ የፊት አንዱ ወገን ይዝላል፤ ዓይን አልከደን ይላል፤ አፍ ወደ ጤነኛው ወገን ይጣመማል።

ሕመሙ በድንገት ስለሚመጣ በአገራችን «መጋኛ መታው» ይባላል፤ የክፉ መንፈስ ምት አድርገው የሚቆጥሩትም አሉ። በሕክምና ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ፊት ነርቭ ባጠናው በስኮትላንዳዊው ሐኪም በቻርልስ ቤል ስም ይጠራል። አብዛኞቹ ሕሙማን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ። ይሁን እንጂ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው ሕመሙ በጀመረ በ3 ቀን ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ነው። ያልተከደነ ዓይንም ደርቆ እንዳይቆስል በጠብታ ይረጥባል፤ ሌሊት ይሸፈናል።

ነገር ግን የፊት መጣመም ሁሉ አንድ አይደለም። የታማሚው ክንድ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ በተለይም ግንባሩን በሁለቱም ወገን መቋጠር ከቻለ፣ ጉዳቱ በአንጎል ላይ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የማይባል አደጋ ነው። ሥጋ ደዌም 5ኛውንና 7ኛውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዓይን ካለመከደኑ በላይ ጉድፍ ሲገባበት እንኳ አይሰማውም። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን በ1965 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ አለርት የተባለው ማእከል ተመሠረተ። ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ዘግይቶ የሞተ ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

እንግዲህ በመተማም ሆነ ድንበር ተሻግሮ በሾዋክ የሚኖር ሰው ፊቱ በድንገት ቢጣመም ሕመሙን «መጋኛ» ብሎ መጥራቱ አይጎዳውም። የሚጎዳው በስሙ ተዘናግቶ ቀን ማሳለፉ ነው።

ለ. የቃላት ፍች
ቦይ — ጠባብ መተላለፊያ
ተኮላተፈ — ቃልን አጥርቶ መናገር አቃተው
ተዘናጋ — ችላ አለ፣ ሳይጠነቀቅ ቀረ

ሐ. ጥያቄዎች
1. የፊት ነርቭ ሲጎዳ የሚታዩትን 3 ምልክቶች ዘርዝሩ።
2. ያልተከደነ ዓይን ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. «መጋኛ መታው»፣ «ብርድ መታው»፣ «ከበሮ መታ» በሚሉት ውስጥ «መታ» የሚለው ግሥ ምን ምን ፍች እንዳለው አስረዱ።
4. የምንባቡን የመጨረሻ አንቀጽ ሐሳብ በራሳችሁ አባባል በ5 መስመር ጻፉ።