ነፃ የእህል ገበያና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተግባር

ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በአጅባርና በመካነ ሰላም አካባቢ ያለ ገበሬ ስንዴውን፣ ገብሱንና ባቄላውን ወቅቶ ወደ ጎተራ ሲያስገባ መቼ፣ ለማንና በስንት ልሽጥ የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህን የመወሰን መብት ግን ሁልጊዜ አላገኘም። በዚህ ትምህርት የእህል ገበያው እንዴት ነፃ እንደ ሆነ፣ ነፃ መሆኑ ምን እንደ ፈታና ምን እንዳልፈታ፣ ማኅበራትም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በአጭሩ እናብራራለን።

1. የኮታው ዘመን

በ1960ዎቹ ማብቂያ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል የሚገዛው መንግሥት በወሰነው ዋጋ ነበር። ኮታው በየገበሬ ማኅበሩ ተከፋፍሎ በየአባሉ ይመደባል። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ለድርጅቱ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። ነጋዴውም ከጫነው እህል ከፊሉን በተወሰነው ዋጋ ለድርጅቱ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ በአርሲና በጎጃም ደግሞ የግል ነጋዴው ከክፍለ ሀገር እንዳያወጣ ተከልክሏል። በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎች እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ ያግዱ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሲመታ፣ ዓባይን ተሻግሮ ካለው ጎጃም ጋር የነበረው የዋጋ ልዩነት የዚህን ጉዳት አሳይቷል።

2. ለውጡና ውጤቱ

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውና ኬላው ተነሡ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ድርጅቱም የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተብሎ ከግል ነጋዴ ጋር የሚወዳደር ሆነ። የማዳበሪያ ድጎማ በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ማዳበሪያ ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ይህ እርምጃ ገበሬውን በቀጥታ ይነካዋል።

ኬላው በመነሣቱ በተራራቁ ገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠቧል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በቆሎ በብዛት ተመርቶ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ወዲያው በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ ገበያ ነፃ ቢሆንም መጋዘን፣ መንገድና ብድር ከሌሉ ጥጋቡም ረሀቡም ገበሬውን እንደሚጎዳው ነው። ቬትናም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያዋን ከፍታ በጥቂት ዓመታት ሩዝ ላኪ ልትሆን የቻለችው መስኖው ቀድሞ ስለተዘረጋና መሬቱ ለገበሬው ቤተሰብ ስለተሰጠ ጭምር ነው።

3. ገበሬው ለምን በርካሽ ይሸጣል?

ሀ. ግብርና ዕዳ የሚጠየቀው ምርት በተሰበሰበ ማግስት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ወቅት ይሸጣል።
ለ. የደሴን ዋጋ ነጋዴው ያውቃል፤ ገበሬው ግን አያውቅም።
ሐ. አንድ ገበሬ በአህያ የሚያመጣው አንድ ሁለት ኩንታል የመኪና ጭነት ስለማይሞላ ለመደራደር አቅም የለውም።
መ. እህሉ ካልተበጠረና ካልደረቀ ገዢው ዋጋ ይቀንስበታል።

4. የማቆየት ሒሳብ

«እስከ ነሐሴ አቆይ» ማለት ብቻ ምክር አይሆንም፤ ሒሳቡ መሠራት አለበት። ለማቅለል ያህል አንድ ኩንታል ስንዴ በጥር 100 ብር ያወጣል እንበል። የ7 ወር የብድር ወለድ በወር 1.5 በመቶ ሲሰላ 10.50 ብር፣ የከረጢትና የመጋዘን 6 ብር ይሆናል። ነቀዝ 5 ኪሎ ያጠፋል እንበል።

– በነሐሴ ዋጋው 130 ብር ቢሆን፣ የጠፋው 6.50 ብር ነው፤ ወጪው በጠቅላላ 23 ብር ይደርሳል። የተጣራው 107 ብር ስለሆነ የ7 ብር ጥቅም አለ።
– ዋጋው 115 ብር ብቻ ቢሆን፣ የጠፋው 5.75 ብር፣ ጠቅላላው 22.25 ብር ይሆናል። የተጣራው 92.75 ብር ስለሆነ ማቆየቱ 7.25 ብር ያከስራል።
– ዋጋው 130 ብር ቢደርስም ነቀዝ 15 ኪሎ ቢያጠፋ የተጣራው 94 ብር ነው፤ ይህም ኪሳራ ነው።

ስለሆነም እህሉን በሚገባ ያላደረቀና አየር የማያስገባ ከረጢት ወይም ንጹሕ መጋዘን የሌለው ገበሬ ለረጅም ጊዜ ባያቆይ ይሻላል። ያለውም ቢሆን ከፊሉን ቀድሞ ሸጦ ከፊሉን ቢያቆይ አደጋውን ይከፍላል።

5. ምን ይደረግ?

የልማት ሠራተኛው፦
• የአጅባርን፣ የመካነ ሰላምንና የደሴን የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቦ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤
• ከላይ ያለውን ሒሳብ በወቅቱ ዋጋ ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ይሥራ፤
• ለዘርና ለቤት ፍጆታ የሚሆነው ሳይለይ ሽያጭ እንዳይጀመር ይምከር።

ማኅበሩ፦
• የአባላትን እህል አሰባስቦ፣ አበጥሮና በጥራት ለይቶ በመኪና ጭነት ይሽጥ፤
• ሚዛኑን በአባላት ፊት ያስፈትሽ፤
• ለአስቸኳይ ዕዳ ከፊል ክፍያ በቅድሚያ ሰጥቶ ቀሪውን ከሽያጭ በኋላ ያስላ፤
• የግዢና የሽያጭ ሒሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ ያቅርብ።

የአሁኖቹ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 እና በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በፈቃደኝነት የሚቋቋሙ ናቸው። በኮታው ዘመን ማኅበር ማለት እህል ማስረከቢያ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። አመኔታቸው የሚመለሰው በስብከት ሳይሆን በትክክለኛ ሚዛንና በግልጽ ሒሳብ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ካለፈው ጥር እስከ ነሐሴ የስንዴ ዋጋ በስንት ጨመረ? ማቆየት አዋጥቶ ነበርን?
2. አባላት ለማኅበሩ ሳይሆን ለነጋዴ የሚሸጡበት ምክንያት ምንድን ነው?
3. ከመጪው መኸር በፊት ማኅበሩ በመጋዘኑና በሚዛኑ ላይ ምን ማስተካከል አለበት?