የአያት ስም

አባትየው የአንደኛ ክፍል መመዝገቢያ ቅጽ ሲሞላ የ7 ዓመቷ ልጁ አጠገቡ ቆማለች። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ እጁ ተያዘ። «ይሄ ደግሞ ማነው? ሞቷል እንዴ?» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ አባት፣ ለዚህ አምድ ደብዳቤ የጻፈው ጠያቂያችን፣ እንቅልፍ የለውም። አባቱ አልሞቱም፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ደብረ ብርሃን አሉ። ከ8 ዓመት በፊት እሳቸው ያልፈቀዷትን ሴት በማግባቱ ከሰርጉ ቀሩ፤ አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። «ልጄን ይዤ ሳይጠሩኝ ብሄድስ? ሲያዩዋት ሆዳቸው ይራራ ይሆናል» ይላል።

የልጅቷ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም ልማዱ አልተከተለውም፤ ልጅ ዛሬም ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱንና የአያቱን ስም ነው። የተኳረፈ ሰው ስልክ ላያነሳ ይችላል፤ ከልጁ ደብተር ላይ ግን አባቱን አያወጣም።

ዘመድን የሚለያየው ኩርፊያ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ አስመራ ሲያርፍ፣ ዘመድ ከዘመድ እየተንሰቀሰቀ ተቃቀፈ። እነዚያን የለያያቸው ጦርነትና የተዘጋ ድንበር ነበር። የደብረ ብርሃኑን መንገድ የዘጉት አባትና ልጅ ራሳቸው ናቸው።

ደብዳቤው በአንድ መስመር ያለፈው ነገርም አለ። ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አያቷ አልተጠሩም። ከሰርግ መቅረት በደል ነው። የልጅ ልጅን ክርስትና ከሰው አፍ መስማት ግን ለሽማግሌ ከዚያ የማያንስ ቁስል ነው፤ እዚህ ላይ ይህ አምድ ለጠያቂው አያደላም።

ስለዚህ ልጅቷን ይዞ ድንገት መሄዱ ይቅር። አያት ፊታቸውን ቢያዞሩ ያንን ፊት ተሸክማ የምትመለሰው እሷ ናት። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክ፤ የአያትየው የነፍስ አባት ቢሆኑ ይመረጣል፣ እሳቸውን እምቢ ማለት ይከብዳልና። ቀጥሎ ጠያቂው ብቻውን ሄዶ የአባቱን ጉልበት ይሳም። ስለ ክርስትናው ይቅርታ ይጠይቅ፤ የሰርጉን ቅሬታ ለሌላ ቀን ያቆየው።

ሚስቱስ? ደብዳቤው ስለ እሷ ሐሳብ ምንም አይልም። «አትሆንም» የተባለችው እሷ ናትና ሳትጠየቅ ምንም አይጀመር።

ልጅቷ የምትሄደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የምትጠይቀውም አላት፦ የአያቷ አባት ማን ይባላሉ? የእሳቸውስ አባት? ድሮ ልጅ እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ይለማመድ ነበር። ጠያቂያችን ከቅድመ አያቱ ወዲያ ያለውን እንደማያውቅ ጽፏል፤ የሚያውቁት ደብረ ብርሃን ያሉት አዛውንት ናቸው።