ጠንካራና ታማኝ፦ ለኒካሕ ፎቶ አንሺ ስንቀጥር



በዚህ ዓመት ከጀመዓችን መካከል ትዳር የያዙና ቀን የቆረጡ ጥቂት አይደሉም፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ኒካሑ ሸርጦች፣ ስለ መህርና ስለ ወሊማ በደርሳችን ደጋግመን ተምረናል። ስለ ፎቶ አንሺው ግን ተነጋግረን አናውቅም። ለዛሬው ትምህርት መነሻ የሆነን ከእኛው መካከል የደረሰ ነገር ነው።

አንዲት የእስቴ ልጅ የሆነች እህታችን ባለፈው የሴሚስተር እረፍት አገባች። ቤተሰቦቿ ፎቶ አንሺ ከከተማ አስመጡ። ዋጋው በስልክ ተወሰነ፣ ቀብድ ተላከ፣ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። በሂናው ማታ፣ ወንድ በማይገባበት የሴቶች ክፍል፣ የፎቶ አንሺው ረዳት የሆነች ልጅ እህቶችን ፀጉራቸውን ገልጠው ሲጫወቱ አነሳቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእነዚያ ፎቶዎች ሦስቱ በስቱዲዮው የቴሌግራም ገጽ ላይ ማስታወቂያ ሆነው ወጡ። እህታችን ነገሩን ያወቀችው የዶርም ጓደኛዋ ስታሳያት ነው። ደውላ ስትጠይቅ «ሙሽሮች ደስ ይላቸዋል ብለን ነው» አሏት። ፎቶዎቹ ወረዱ፤ እስከዚያው ድረስ በስንት ስልክ ላይ እንደተቀመጡ ግን የሚያውቅ የለም። ይህን የጻፍነው በእሷ ፈቃድ ነው፤ «ሌላዋ እንዳይደርስባት» ብላናለች።

1. ፎቶ ማንሳቱ ራሱ እንዴት ነው?

ዑለሞች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። በሐዲስ የተከለከለው ምስል መሥራት የካሜራን ፎቶ ይጨምራል ያሉ አሉ። እነ ሸይኽ ኢብን ባዝ ከዚህ ወገን ናቸው፤ እንደ መታወቂያ ላለ አስፈላጊ ጉዳይ ግን ይፈቅዳሉ። በሌላ በኩል ከ1914 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒይ ካሜራ ያለውን ጥላ ይይዛል እንጂ አዲስ ፍጥረት አይቀርጽም በማለት ፈቅደውታል። እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ግን አለ፦ ዐውራን የሚገልጥ ፎቶ፣ ለማይገባው ሰው የሚታይ ፎቶ፣ በኩራትና በማባከን የሚነሳ ፎቶ አይፈቀድም። ቤተሰባችሁ የሚይዘውን አቋም ከኒካሑ በፊት ዓሊም ጠይቃችሁ ቁረጡ፤ በሠርጉ ዕለት ዳስ ውስጥ መከራከር አያምርም።

2. ማንን እንቅጠር?

በሱረቱል ቀሶስ 26ኛው አንቀጽ ላይ የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ አባቷን ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥሩት ስትመክር ሁለት ነገር አስቀምጣለች፦ ጥንካሬና ታማኝነት። ዑለሞች ይህን ለማንኛውም ቅጥር መለኪያ አድርገው ይጠቅሱታል።

ጥንካሬ ለፎቶ አንሺ ሙያው ነው። የተመረጡ አሥር ፎቶዎችን ብቻ አትዩ፤ የአንድን ሠርግ ሙሉ አልበም አሳየን በሉ። ጨለማ ቤት ውስጥና በሸራ ዳስ ሥር ያነሳውን ጠይቁ። ወደ ስማዳ ወይም ወደ ታች ጋይንት ገጠር የሚወጣ ከሆነ መብራት በሌለበት ባትሪውን እንዴት እንደሚያቆይ፣ ሁለተኛ ካሜራ ይዞ እንደሚመጣ፣ በዚያው ማታ ፎቶውን በሌላ ቦታ ገልብጦ እንደሚያስቀምጥ አረጋግጡ።

ታማኝነት ደግሞ ከእሱ ጋር የሠሩ ሰዎች የሚመሰክሩት ነው። ገጹን ተመልከቱ፦ የሌሎችን ሙሽሮች የቤት ውስጥ ፎቶ ለጥፎ ካያችሁ የእናንተንም ይለጥፋል። ለሴቶች ክፍል የምትገባዋ ሴት ማን እንደሆነች፣ ፎቶዎቹንም በኋላ የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ያነሳቻት ሴት ሆና የሚያስተካክለው ወንድ ከሆነ የሴት አንሺ መቅጠሩ ምን ፈየደ? የእህታችን ቤተሰብ ያልጠየቀው ይህንኑ ነበር።

3. ውሉ

ፎቶ አንሺ መቅጠር በፊቅህ ኢጃራ ነው። ለኢጃራ ደግሞ ሥራውም ክፍያውም የታወቀ መሆን አለበት። «ሠርጉን አንሳልን» ማለት የታወቀ ሥራ አይደለም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ሂናውን፣ ኒካሑን ወይስ ወሊማውን? ስንት የታተመ ፎቶ፣ ስንት ገጽ አልበም? መቼ ይረከባል? የመኪናውና የማደሪያው ወጪ በማን ነው? በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በጊዜ የተወሰነ ዕዳን እንድንጽፍና እንድናስመሰክር አዞናል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለት ምስክር ማስፈረም ባለሙያውን መጠራጠር አይደለም፤ እሱንም ይጠብቀዋል።

የእኛም ግዴታ አለ። ሠርቶ የጨረሰን ሰው ደመወዙን የሚከለክል በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ መጥቷል። አልበሙን ተረክቦ ቀሪውን «ኋላ እንተያያለን» የሚል ሙሽራ ይህን ያስታውስ።

4. ቀብድ

እዚህ ላይ የአገራችንን ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንዲህ ይላል፤ ሐሳቡን ስናስቀምጠው፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በሠርጉ ዋዜማ «ሌላ ሥራ መጣብኝ» የሚል ፎቶ አንሺ ቀብዱን ብቻ መልሶ አይገላገልም።

በፊቅህ ቀብድ (ዑርቡን) ላይ ብዙዎቹ መዝሀቦች ሲከለክሉ ሐንበሊዮች ፈቅደዋል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ ይፈቀዳል ብሏል፤ ውሉ ከጸና ቀብዱ ከዋጋው ይታሰባል። ስለዚህ በውሉ ላይ ቀን ጻፉ፦ እስከዚህ ቀን ብንተው ቀብዱ እንዲህ ይሆናል ብላችሁ።

5. ምስሉ የማን ነው?

የሱረቱን ኑር 30ኛውና 31ኛው አንቀጾች ዓይንን ስለ መስበርና ጌጥን ለማን መግለጥ እንደሚቻል ያስተምሩናል። ሴት በሴቶች መካከል የገለጠችው በፎቶ ወደ አደባባይ ሲወጣ ያ ድንበር ፈረሰ ማለት ነው። ጥፋቱም የሙሽራዋ ብቻ ሳይሆን የተጋበዙት እህቶች ሁሉ ሐቅ ነው።

የአገራችንም ሕግ ከእኛ ጋር ነው። የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቁጥር 28 እንደ ሕዝባዊ ጉዳይ ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ የሂና ማታ ግን ከእነዚያ አይደለም። ያለ ፈቃዷ ፎቶዋ የወጣባት እህት እንዲነሳላት መጠየቅ፣ ካሣም መጠየቅ ትችላለች። በውሉ ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፦ «ያለ ሙሽሮቹ የጽሑፍ ፈቃድ አንድም ፎቶ በየትኛውም ገጽ አይለጠፍም፤ የሴቶች ክፍል ፎቶ ከተረከብን በኋላ ከስቱዲዮው ይጠፋል»። ለእንግዶቻችሁም ስልክ ለይቶ ማስቀመጫ አዘጋጁ፤ ፎቶ አንሺውን አስረን የአክስት ልጅን ስልክ ብንረሳ አልጠበቅንም።

6. ወጪውና ጊዜው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 27ኛው አንቀጽ አባካኞችን የሸይጧን ወንድሞች ብሏቸዋል። ለመህር ተበድሮ፣ ለአልበም ደግሞ ሌላ ብድር ማውጣት ትዳሩን በዕዳ መጀመር ነው። አንድ ምክር እንጨምር፦ በጥርና ከፋሲካ በኋላ የክርስቲያን ወገኖቻችን ሠርግ ስለሚበዛ ባለሙያ ይጠፋል፣ ዋጋም ይወጣል። በሁዳዴ ጾም ወራት ግን ፎቶ አንሺዎች ሥራ ይቀንስባቸዋል። ከረመዷን ጋር ካልገጠመ ያን ጊዜ ብትመርጡ በተሻለ ዋጋ የተሻለ ባለሙያ ታገኛላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ፎቶ አንሺው በእሱ ጥፋት ሳይሆን ካሜራው ተሰርቆ ፎቶዎቹ ቢጠፉ ክፍያው እንዴት ይሁን? በውሉ ላይ ምን ብንጽፍ ክርክሩ ይቀራል?
ለ. ከሙሽሮቹ አንዱ ፎቶ አይፈልግም፣ ሌላኛው ይፈልጋል። ማን ይሰማ?
ሐ. የጓደኛችሁን ሠርግ ፎቶ በስልካችሁ ይዛችኋል። ዛሬ ማታ ምን ታደርጋላችሁ?

ሦስተኛውን ለውይይት ብቻ አታስቀምጡት። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ ያገቡትን ይባርክ፣ ላላገቡት ያግራ። አሚን።