የግቢ ውሻ አያያዝና የእብድ ውሻ በሽታን መከላከል

በጉራጌ አካባቢያችን ከጀፎር ዳር ካሉ ቤቶች ውሻ የሌለው ጥቂት ነው። ማታ ጅብ ወደ በረት፣ ጃርትና ከርከሮ ወደ እንሰቱ ሲጠጉ የሚጮኸው እሱ ነው። በስልጠናዎቻችን ግን ስለ ላም፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ ስንነጋገር ውሻ ይረሳል። እኔም በክትትል ስዞር ለብዙ ዓመት ስለ ውሻ ጠይቄ አላውቅም፤ የምንሞላው ቅጽም ቦታ አልሰጠውም።

«ውሻ ሲራብ ኃይለኛ ይሆናል» የሚሉ አሉ። በተግባር የምናየው ሌላ ነው። የተራበ ውሻ ሌሊት ግቢውን ትቶ ወደ ቄራና ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ከሌሎች ጋር ይናከሳል፤ በሽታ ይዞ ልጆች ወደሚጫወቱበት ጀፎር ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የታሰረውም ቢሆን ሌባውን ሳይሆን ውሃ የምታቀርብለትን ልጅ ሊነክስ ይችላል። በአንድ ቀበሌ ያየሁት ውሻ፣ ቡችላ ሳለ የታሰረበት ገመድ ሳይላላ አድጎ ገመዱ አንገቱን ቆርጦ ገብቶ ነበር። ባለቤቱ በጎቻቸውን በደንብ የሚይዙ ሰው ናቸው፤ የውሻውን ገመድ እንዲያዩ የነገራቸው ግን አልነበረም።

ስለዚህ በየቀኑ ምግብና ንጹሕ ውሃ፣ ከዝናብና ከፀሐይ መጠለያ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ የአንገት ማሰሪያ ይኑረው። ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል። መርዝ መበተን ይህን አያደርግም፤ የጎረቤትን የተከተበ ውሻና በድን የሚያጸዳልንን ጥንብ አንሳ ይገድላል፣ ባዶውን ቦታም ያልተከተበ መጤ ውሻ ይይዘዋል።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱ። የሀገር መድኃኒት እየሞከሩ መሰንበት ሕይወት ያስከፍላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ ባለቤት ያለውና ጤነኛ መስሎ የሚታይ ከሆነ አትግደሉት፤ ለብቻው ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ይህ ግን የተነከሰውን ሰው ሕክምና አያዘገይም።

ላም ለሀጯን እያዝረበረበች ያለማቋረጥ ብትጮህ «ጉሮሮዋን አንቆት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አትክተቱ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ታርዳም አትበላ።

በመስቀል ሰሞን በየቤቱ ስለሚታረድ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል። በውስጡ ያለው እጭ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣሩ ለከብት፣ ባልታጠበ እጅ ደግሞ ለልጅ ይተላለፋል። ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻውም የትል መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ኬላ ጠይቁ።

ለክትባት ቀን የልማት ቡድኑ መሪ በየቤቱ ያሉትን ውሾች አስቀድሞ ይመዝግብ። ውሻውን የሚያመጣውም የሚያበላው ሰው ይሁን፤ በሌላ ሰው ከተጎተተ ባለሙያውን ይነክሳል።