ያገለገለ ዕቃ፣ ያልተደበቀ ነውር

በቴሌግራም ያገለገለ የመኪና ዕቃ የምትሸጥ ወንድሜ፣ የዛሬው ጁሙዓ ምክር ላንተ ነው።

መርካቶ ሱማሌ ተራ የሄደ ገዢ ራዲያተሩን አገላብጦ ያያል። ወገል ጤና ያለው ሹፌር ግን የሚያየው ያንተን ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የተበየደውን ጎን ደብቀህ አታንሳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ሻጩን ገሥጸውታል። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

«መጨረሻው ስንት ነው?» የሚልህ ሰው አልበደለህም፤ ክርክር የገበያ ወግ ነው። አትሳደብ፣ አትዝጋው። ነቢዩ ሲሸጥም ሲገዛም ገር ለሆነ ሰው አላህ እንዲያዝንለት ዱዓ አድርገዋል። ገርነት ማለት ግን የግድ መቀነስ አይደለም፤ «አይቀንስም ወንድሜ» ማለት መብትህ ነው።

«ወላሂ በ8,000 ገዝቼው ነው» እያልክ አትማል። መሐላ ዕቃውን ቢያሸጥም በረካውን ያጠፋል፤ ውሸት ከሆነማ ከባድ ወንጀል ነው። መግዛት የማይፈልግ ጓደኛህን «እኔ በ9,000 እወስደዋለሁ» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግም የተከለከለው ነጀሽ ነው።

አንተም ገዢ ሆይ፣ ተስማምተህ ዕቃው መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ ዋጋ አትስበር። ቃል አደራ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ በረካውንም ብዙ ያድርግልን። ጁሙዓ ሙባረክ።