የቆየ የመሬት ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

በጉንደ ወይን አጠገብ የምትኖር የአንዲት እናት የቆየ የይዞታ ደብተር እንዲህ ይላል እንበል፦ «4 ጥማድ፤ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በላይ ገደል፣ በታች ወንዝ»። አዲሱ ልኬታ ግን ከ1 ሄክታር በታች ሆነ። «ጎረቤቴ ድንበር ገፋብኝ!» ብትል አይፈረድባትም። ክስ ከመመሥረቷ በፊት ግን ጽሑፉን ቃል በቃል ማንበብ ይበጃታል።

ጥማድ የሥራ መለኪያ ነው፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ተብሎ ይቆጠራል። ታዲያ መረሬና ቀይ አፈር፣ የጠገበ በሬና የከሳ በሬ እኩል ይታረሳል እንዴ? «4 ጥማድ» ግምት እንጂ የሜትር ልክ አይደለም።

ከጮቄ ወደ ዓባይ የሚወርደው አገር ደግሞ ቁልቁለት ይበዛበታል። ገመድ የሚዘረጋው በተዳፋቱ ላይ ነው። ካርታ ግን ማሳውን ከላይ እንደሚያይ አሞራ ነው፤ የሚቆጥረው ጠፍጣፋውን ብቻ ነው። ገመዱ 50 ሜትር ቢል፣ የማሳው ታችኛው ጫፍ ከላይኛው በ30 ሜትር ዝቅ ቢል፣ በካርታው 40 ሜትር ብቻ ይወጣል። 10 ሜትሩን የወሰደ ሰው የለም።

«ምሥራቅ» የሚለውም ቃል ያሳስታል። ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትወጣለች። ጸሐፊው ፀሐይ አይቶ ከጻፈ፣ የትኛው ወር ነበር ብሎ መጠየቅ ነው።

ልኬታን መፍራት አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ፣ ልኬታው ርስቴን ያስወስደኛል የሚል ሥጋትም ነበረው። የርስት ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በብዙ ቦታ መሬት እንደገና ተደለደለ። ስለዚህ በአያት ወረቀት ላይ ያለው አዋሳኝ ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው ደብተር ላይ ያለውም ሰው ሞቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወራሹን መፈለግ ነው።

በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የሚታየው ገደሉና የድንበር ድንጋዩ ነው፤ ከዚያ የአዋሳኙ ስም፤ ቁጥሩ መጨረሻ ይምጣ። ወንዝ ግን ይጠንቀቁበት፤ በክረምት ሞልቶ መንገዱን ይቀይራል። ደብተሩ ሲጻፍ በየት በኩል ይወርድ እንደነበር ጎረቤትና ሽማግሌ በቦታው ቆመው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ደብተርዎን አውጥተው የአራቱን አዋሳኞች ስም ያንብቡ። ዛሬ በቦታው ያሉት ስንቶቹ ናቸው?