የጎረቤትዎን ቢሮ ያንኳኩ

መስከረምና ጥቅምት ላይ መተማን የሚሞላት ሰሊጥ ነው። ከደጋው ወረዳዎች ወጣቱ ጥቅሉን ተሸክሞ ወደ ገንዳ ውኃ፣ ወደ ኮኪት፣ ወደ ሽንፋ ይወርዳል። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው እርሻው ላይ ውሎ እዚያው ያድራል። ግራር ሥር ማዳበሪያ አንጥፎ ጋደም ሲል፣ ቀኑን በዋልካው ንቃቃት ውስጥ ተሸሽጋ የዋለችው የአሸዋ ዝንብ ትወጣለች። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። የምታስተላልፈው በሽታ ካላዛር ይባላል፦ ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ካልታከመም ይገድላል።

እስቲ ይህ በሽታ የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው? ሐኪሙ ጣፊያውን ያውቃል። የነፍሳት ተመራማሪው ዝንቧን፣ የአፈር ባለሙያው ዋልካው መቼ እንደሚሰነጠቅ፣ የሰብል መምህሩ አረሙና አጨዳው በየትኛው ሳምንት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ወጣቱ አጎበር ይዞ የማይወርደው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ደግሞ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ነው። መልሱ በአምስት ቢሮ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዱ ቢሮ ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት!

መልስ ሲበታተን ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ደጋው ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ ካላዛር መኖሩ ሲረጋገጥ፣ በሽታው አስቀድሞ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ሲታከም ቆይቶ ነበር። ያመጡትም ከመተማና ከሁመራ ቆላ ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ቆላው ለዓመታት የሚያውቀውን በሽታ ደጋው አልጠረጠረውም።

ጎንደር ግን ለጋራ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ቀደም ብሎ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ትዝታ ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር አሰማራ። ያ ልማድ የእርስዎ ውርስ ነው። ዛሬ በዚያው ግቢ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ ግብርናውም፣ እንስሳት ሕክምናውም፣ ማኅበራዊ ሳይንሱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራሉ።

የመተማን ዕጣንም አይርሱት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ የዕጣን ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በመተማ የዕጣን ደኖች አሮጌው ዛፍ ቆሟል፤ ችግኙ ግን በከብትና በእሳት ምክንያት አያድግም። ታዲያ ይህ የደን ባለሙያው ሥራ ብቻ ነው? ከብቱ የት ይሰማራ የሚለውን የእንስሳት እርባታ መምህሩ፣ ደኑ የማን ነው የሚለውን የሕግ መምህሩ ቢያዩት ጥናቱ ጉልበት ያገኛል።

«ገና አላለቀም» አይበሉ። ሥራው ሳያልቅ ማሳየቱ የተሻለ ነው፤ ጥያቄው አሁንም ሊስተካከል ይችላል፤ ከታተመ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ግን ዘግይቷል። ሐሳቤን ይወስዱብኛል የሚለው ስጋትም ይገባኛል፤ ነገር ግን መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ጥናት አንድ ሠራተኛ ከትኩሳት አያድንም። ዛሬ ማታ ጥናትዎን በአንድ ገጽ፣ የሙያ ቋንቋ ሳያበዙ፣ በአማርኛ ይጻፉት። ከትምህርት ክፍልዎ ውጭ ላሉ ሦስት ሰዎች ይስጡና «ከዚህ ውስጥ በሥራዎ የሚያጋጥምዎት ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ።

ከሦስቱ አንዱ መምህር ባይሆን እመርጣለሁ። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ሕመምተኛው ከየት ወረዳ እንደመጣ በየቀኑ ይመዘግባል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናሙናው የሚበዛበትን ወር ታውቃለች። ሾፌሩ የትኛው የእርሻ መንገድ በክረምት እንደሚዘጋ ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፣ ቡና ይጋብዟቸው፣ ጥናቱ ሲታተምም ስማቸውን ከምስጋናው ገጽ እንዳይዘነጉ።